ዊልያም ጄምስ፤ የሚባክነውን ልብ መልሶ ስለ መያዝ ያስተማረ ሊቅ

ዓይን መጽሐፉን እያነበበ ልብ ገበያ ለገበያ ሲዞር፣ ጆሮ የአስተማሪውን ቃል እየሰማ አሳብ ወደ ትናንት ጨዋታ ሲመለስ፣ እጅ የመዝገቡን ገጽ እየገለጠ መንፈስ ከቢሮው ውጭ ሲንሸራሸር፣ ይህ ሁሉ በተማሪም በጸሐፊም በሹምም ላይ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። በቋንቋችን እንዲህ ያለውን ሰው ልቡ ሄዷል እንለዋለን። ለመሆኑ ልብ የሚሄደው ለምንድን ነው? ከሄደስ በኋላ የሚመልሰው ማን ነው? ሰው በእርግጥ የአሳቡ ጌታ ነውን? ወይስ ወንዝ ቅጠልን እንደሚወስድ አሳቡ ወዳሻው ይዞት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ነው።

የዚህ ሊቅ ታሪክ ለወጣቶች ልዩ ጥቅም የሚኖረው፣ ጥያቄውን የመረመረው ከዳር ቆሞ ስላልሆነ ነው። እሱ ራሱ በወጣትነቱ አሳቡ የተበታተነ፣ ሥራ ጀምሮ የሚተው፣ ጤናው የተናጋ፣ አንድ ጊዜም ከሕይወቱ ተስፋ እስከ መቁረጥ የደረሰ ሰው ነበር። ስለ ትኩረትና ስለ ፈቃድ ያስተማረው ትምህርት በገዛ ሕይወቱ የተፈተነ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የሚንከራተት ልጅነት

ዊልያም ጄምስ በኒው ዮርክ ከተማ ጃንዋሪ 11 ቀን 1842 ዓ.ም. ተወለደ። አያቱ ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ ተሰደው በአልባኒ ከተማ በንግድ እጅግ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። አባቱ ሄንሪ ጄምስ በልጅነታቸው በእሳት አደጋ አንድ እግራቸውን ያጡ፣ በውርስ ባገኙት ገንዘብ ኑሮአቸውን የሚመሩ፣ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፍልስፍና የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ከአምስቱ ልጆች የመጀመሪያው ዊልያም ሲሆን፣ በ1843 ዓ.ም. የተወለደው ተከታዩ ሄንሪ ደግሞ ከጊዜ በኋላ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ደራሲነቱ ስመ ጥር ሆኗል። የመጨረሻዋ ልጅ አሊስም ትታው ባለፈችው የዕለት ማስታወሻ ዛሬ ትታወሳለች።

አባትየው ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤትና በአንድ አስተማሪ ልማድ ተወስነው እንዳይቀሩ ስለ ፈለጉ፣ ቤተሰቡን ይዘው ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን፣ ከለንደን ወደ ፓሪስና ወደ ቡሎኝ፣ ከዚያም ወደ ጄኔቫና ወደ ቦን ይዘዋወሩ ነበር። ዊልያም በዚህ ዓይነት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ አቀላጥፎ ዐወቀ፤ ሥዕል ቤቶችንም ቤተ መዘክሮችንም አየ። ይሁን እንጂ የዚያ አስተዳደግ ዋጋው ቀላል አልነበረም። ብዙ ያየ ልጅ ብዙ ይመኛል፤ ብዙ የተመኘም አንዱን ለመምረጥ ይቸገራል።

ችግሩም ወዲያው ታየ። ዊልያም በመጀመሪያ ሠዓሊ ለመሆን ቆርጦ በ1860 ዓ.ም. በኒውፖርት ከተማ በሠዓሊው በዊልያም ሞሪስ ሃንት ዘንድ መማር ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው ተወው። በ1861 ዓ.ም. ወደ ሃርቫርድ ገብቶ ኬሚስትሪ ጀመረ፤ እሱንም ትቶ በ1864 ዓ.ም. ወደ ሕክምና ትምህርት ተዛወረ። በ1865 ዓ.ም. ሕክምናውን አቋርጦ ከታዋቂው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሉዊ አጋሲዝ ጋራ ወደ ብራዚል ወርዶ በአማዞን ወንዝ ዓሣና እንስሳት ለመሰብሰብ ሄደ። እዚያም ከፈንጣጣ ዓይነት በሽታ ተይዞ ተሠቃየ፤ ከጉዞው ያተረፈው ዋና ነገር ናሙና መልቀምና መደርደር የሱ ሥራ አለመሆኑን ማወቅ ነበር። በ1867 ዓ.ም. ደግሞ ለጤናውም ለትምህርቱም ሲል ወደ ጀርመን አገር ተሻገረ። በመጨረሻ በ1869 ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመቱ የሐኪምነት ዲግሪውን ከሃርቫርድ ተቀበለ፤ ነገር ግን አንድም ቀን በሐኪምነት አልሠራም።

የጨለማው ጊዜ

ዲግሪውን ከተቀበለ በኋላ የመጣው ወራት በሕይወቱ ውስጥ እጅግ የከፋ ነበር። ጀርባውን ያመዋል፤ ዓይኑ ማንበብ ይከለክለዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል። ከሁሉም በላይ ግን የከበደው አንድ አሳብ ነበር። በዚያን ዘመን የሳይንስ ሰዎች የሰውን አካል እንደ መኪና ይመለከቱት ነበር፤ በአንጎል ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ አስቀድሞ በተወሰነ ምክንያት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሰው ጥረት፣ ምርጫና ተጋድሎ ሁሉ ከንቱ ጥላ ይሆናል። ለሌላ ሰው ይህ የመጽሐፍ ክርክር ነው። ለታመመውና ተስፋ ለቆረጠው ወጣት ግን የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ሰው በድንገት በከባድ ፍርሃት ተይዞ በእብዶች ሆስፒታል ያየው ምስኪን በሽተኛ በአሳቡ ተደቅኖበት እኔም እንዲህ ልሆን እችላለሁ ብሎ እንደ ተንቀጠቀጠ የሚተርክ ክፍል አለ። ጄምስ ታሪኩን የአንድ ፈረንሳዊ ነው ብሎ አቅርቦት ነበር፤ በኋላ ግን የገዛ ራሱ ታሪክ መሆኑ ታውቋል።

መውጫው የተገኘው በ1870 ዓ.ም. በአፕሪል ወር መጨረሻ ነው። የፈረንሳዩን ፈላስፋ የሻርል ረኑቪዬን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ነጻ ፈቃድ ማለት ሌሎች አሳቦች ሊመጡልኝ በሚችሉበት ጊዜ አንዱን አሳብ እኔው ስለ መረጥሁት አጽንቶ መያዝ ነው የሚል ትርጓሜ አገኘ። ጄምስም ይህ ቅዠት ነው የሚያሰኝ ማስረጃ እንደሌለ ተረድቶ፣ የነጻነቱ የመጀመሪያ ሥራ በነጻነት ማመን እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔውንም በዕለት ማስታወሻው ላይ አሰፈረ።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ረኑቪዬ ነጻነትን የፈለገው በጦርነት ወይም በታላቅ ገድል ውስጥ አይደለም፤ አንድን አሳብ በልብ ውስጥ ይዞ ባለመልቀቅ ውስጥ ነው። ጄምስ ከዚህ በኋላ አርባ ዓመት የሠራው ሥራ ሁሉ የዚህ ፍሬ ማብራሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በአንድ ቀን ውሳኔ በአንድ ቀን አልዳነም፤ ጤናው እየተመለሰ የሄደው በብዙ ዓመት ውስጥ ነው። ለመዳኑም ከውሳኔው ሌላ መደበኛ ሥራ ማግኘቱ እጅግ ረድቶታል።

አስተማሪውና መጽሐፉ

ኬሚስትሪ ያስተማሩት ቻርልስ ኤልየት በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበርና በ1872 ዓ.ም. ጄምስን ለአስተማሪነት ጠሩት። በመጀመሪያ ያስተማረው የሰውነት ክፍሎችን ሥራ ነው። በ1875 ዓ.ም. ግን በሰውነትና በአእምሮ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመረምር የሥነ ልቡና ትምህርት ጀመረ፤ ለማሳያ የሚሆኑ ጥቂት መሣሪያዎችንም በአንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ አኖረ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ቩንት በላይፕዚሽ ታዋቂውን የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ ያቋቋመው ከዚህ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ነው። ጄምስ ራሱ ይህን ትምህርት ከማንም ተቀምጦ አልተማረም፤ መጀመሪያ የሰማው የሥነ ልቡና ንግግር የገዛ ራሱን እንደ ነበር እያለ ይቀልድ ነበር።

በ1878 ዓ.ም. የቦስተን ከተማ አስተማሪ የነበረችውን አሊስ ጊበንስን አገባ። በዚሁ ዓመት ሄንሪ ሆልት ከተባለው አሳታሚ ጋራ የሥነ ልቡና መማሪያ መጽሐፍ በሁለት ዓመት ጽፎ ለማስረከብ ተዋዋለ። ሁለቱ ዓመት ግን ዐሥራ ሁለት ሆነ። ዓይኑ ደካማ ስለ ነበረ አንዳንዱን ክፍል እሱ እየተናገረ ባለቤቱ ትጽፍለት ነበር። በመካከሉ በ1885 ዓ.ም. ከአምስቱ ልጆቻቸው አንዱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተባቸው። የሥነ ልቡና መሠረተ አሳቦች የተባለው ታላቅ መጽሐፍ በ1890 ዓ.ም. በሁለት ጥራዝ ሲወጣ 1,400 ገጽ ያህል ነበረው። መጽሐፉ እጅግ ስለ ረዘመ በ1892 ዓ.ም. አሳጥሮ አንድ ጥራዝ አወጣ፤ ተማሪዎችም ትልቁን ጄምስ፣ ትንሹን ጂሚ ብለው ይጠሯቸው ነበር።

ስለ ትኩረት ያስተማረው

ከጄምስ በፊት ብዙ ሊቃውንት አእምሮን እንደ ግንብ ይቈጥሩት ነበር፤ ትንንሽ የስሜት ድንጋዮች ተደራርበው አሳብ ይሆናሉ ይሉ ነበር። ጄምስ ይህን አልተቀበለም። የሰው ንቃተ ኅሊና የማይቋረጥ ወራጅ ነው፤ አንዱ አሳብ ከሌላው ጋራ ተያይዞ ይፈሳል፤ አንድ ጊዜ ያለፈውም አሳብ ያንኑ ሆኖ ሁለተኛ አይመለስም ብሎ አስተማረ። የአሳብ ጅረት የሚለው አነጋገር ከሥነ ልቡና አልፎ ወደ ሥነ ጽሑፍም ገብቶ የልብ ወለድ ደራሲያን የአጻጻፍ ስልት መጠሪያ ሆኗል።

በዚህ ጅረት ላይ የሚሠራው መራጭ ኃይል ትኩረት ነው። በእያንዳንዱ ቅጽበት በዓይን፣ በጆሮና በቆዳ የሚገባው ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ የእኛ የሚሆነው ግን ልብ ያልነው ጥቂቱ ብቻ ነው። አንድ ግንበኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊና አንድ ሐኪም በአንድ መንገድ አብረው ቢያልፉ፣ ግንበኛው የተንጋደደውን ግድግዳ፣ ልብስ ሰፊው የአላፊውን ካፖርት፣ ሐኪሙ የሽማግሌውን አረማመድ አይቶ ይመለሳል። መንገዱ አንድ ነው፤ የታየው ግን ሦስት ነው። እንግዲህ ሰው የሚኖርበትን ዓለም በከፊል የሚሠራው በትኩረቱ ነው ማለት ነው።

ጄምስ ትኩረትን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ሳንፈልገው የሚመጣ ነው፤ ነጎድጓድ ሲጮህ ወይም ስማችን ሲጠራ ልባችን ራሱ ይሄዳል። ሁለተኛው በፈቃድና በጥረት የሚደረግ ነው። ይህ ሁለተኛው በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይቈይም ማለቱ ብዙ ሰው ያስደንቃል። ታዲያ ሊቃውንት ሰዓት ሙሉ በአንድ ነገር ላይ ተመስጠው የሚቀመጡት እንዴት ነው? መልሱ፣ ረጅም ትኩረት ማለት ሳይሄዱ መቅረት ሳይሆን የሄደውን ልብ ደጋግሞ መመለስ መሆኑ ነው። ልብ ደግሞ በማይለወጥ ነገር ላይ አይቆምም፤ ስለዚህ ነገሩን ማገላበጥ፣ አዲስ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከሚያውቁት ጋራ ማያያዝ ያስፈልጋል። አንድን ገጽ አፍጥጦ የሚያይ ተማሪ ወዲያው ይደክመዋል፤ ገጹን የሚጠይቅ ተማሪ ግን ይቈያል። ልቡ ስለ ሄደበት ራሱን የሚረግምም በከንቱ ይደክማል፤ መሄዱ የተፈጥሮ ነው፤ ሙያው መመለሱ ላይ ነው። ጄምስም ይህን የመመለስ ችሎታ የሚያሻሽል ትምህርት ቢገኝ ከትምህርት ሁሉ የላቀ እንደሚሆን ያምን ነበር፤ ይሁን እንጂ ለዚህ የሚሆን መመሪያ መስጠት ከባድ መሆኑን አልሸሸገም።

የፈቃድንም ምሥጢር ያገኘው እዚሁ ነው። በሱ አስተያየት የፈቃድ ጥረት ማለት በመሠረቱ አስቸጋሪውን አሳብ በልብ ፊት አጽንቶ መያዝ ነው። ለምሳሌ አንድ ወጣት ሹም ዘመዱን ያለ ደንብ እንዲቀጥር ተለመነ እንበል። ደንቡን አያውቅም አይባልም፤ ጠንቅቆ ያውቃል። ፈተናው ደንቡን ላለማሰብ መፈለጉ ነው። የይሉኝታ ስሜት፣ የዘመድ ፊት፣ የነገው ወቀሳ በልቡ ውስጥ ይሞላሉ፤ ፈተናውን አልፎ በውጭ የቆመው ባለተራ ግን ከአሳቡ ይጠፋል። ያንን ባለተራ ከአሳቡ እንዳይወጣ አድርጎ የያዘ እንደ ሆነ እጁ ትክክለኛውን ወረቀት ይፈርማል። ተጋድሎው የሚፈጸመው በእጅ ሳይሆን አስቀድሞ በትኩረት ነው።

ስለ ልማድም ያስተማረው ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። ጠቃሚውን ሥራ በተቻለ መጠን በወጣትነት ልማድ ማድረግ፣ አዲስ ልማድ ሲጀመር በቈራጥነት መጀመር፣ ሥር እስኪሰድ ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ አለማቋረጥ ይገባል ይላል። በየቀኑ እየተነቀለ የሚታይ ችግኝ አይጸድቅምና። ልማድ ጥቃቅኑን ሥራ ሲሸከምልን ትኩረታችን ለዋናው ነገር ነጻ ይወጣል። ከዚህም ጋራ ሰው የጥረት ኃይሉ እንዳይዝግ በየቀኑ አንድ ትንሽ የማይወደውን ነገር እንዲሠራ ይመክራል።

በራሱ ላይ የሠራው ምርመራ

ጄምስ ሌላውን ከመፈተኑ በፊት ራሱን ይፈትን ነበር። በዘመኑ ብዙ አስተማሪዎች በቃል ማጥናት እንደ ጡንቻ ማስታወስን ያጠነክራል ብለው ያምኑ ነበር። ጄምስ የቪክቶር ሁጎን ግጥም 158 መስመር በስምንት ቀን በቃሉ ሲያጠና ጊዜውን ቈጥሮ 132 ደቂቃ ያህል ፈጀበት። ከዚያ ለ38 ቀን በየዕለቱ የሚልተንን ግጥም እያጠና ማስታወሱን አሠለጠነ። ተመልሶ ከሁጎ ግጥም ሌላ 158 መስመር ሲያጠና ግን 151 ደቂቃ ተኩል ወሰደበት። ሥልጠናው አላፈጠነውም። በዚያን ጊዜ በሌላ ሥራ ደክሞ እንደ ነበር ስላመነ ሌሎች ሰዎችም እንዲሞክሩት አደረገ። ከዚህ ያገኘው ትምህርት፣ ማስታወስ የሚሻሻለው በጭፍን በመደጋገም ሳይሆን ነገሮችን እርስ በርሳቸው በማያያዝ ነው የሚል ነው።

ከንቁ አእምሮ ወዲያ ያሉትን ሁኔታዎች ለማወቅም ደፍሯል። ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበትን ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ በሰመመኑ ውስጥ የዓለም ምሥጢር ሁሉ የተገለጠለት መሰለው፤ ሲነቃ ግን በዚያ ሰዓት የተጻፈው ወረቀት ትርጉም የሌለው ሆኖ አገኘው። ከዚህም ተነሥቶ ንቁው አእምሮአችን ከብዙ የንቃት ዓይነቶች አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹም ከሱ በስስ መጋረጃ የተለዩ ናቸው ወደሚል አሳብ ደረሰ። ይህንንም በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. በስኮትላንድ በኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሃይማኖታዊ ተሞክሮ ባደረገው ንግግር አስፋፍቶ አቅርቦታል። ከሙታን ጋራ እንነጋገራለን የሚሉ ሰዎችን ለመመርመር ያጠፋው ብዙ ጊዜ ግን ከባልደረቦቹ ብርቱ ነቀፌታ አምጥቶበታል፤ እሱም ቢሆን ከምርመራው ቍርጥ ያለ ውሳኔ ላይ አልደረሰም።

ተማሪዎቹና የመጨረሻ ዘመኑ

አስተማሪነቱን ከሚያስመሰግኑት ነገሮች አንዱ የሜሪ ካልኪንስ ታሪክ ነው። ይህች ሴት በ1890 ዓ.ም. በሱ ዘንድ ለመማር ስትጠይቅ ሃርቫርድ ሴት አልቀበልም አለ። ጄምስ ተከራክሮ ትምህርቱን እንድትከታተል አደረገ። በ1895 ዓ.ም. ለዶክተርነት የሚያስፈልገውን ሁሉ ፈጽማ መምህራኑ ቢመሰክሩላትም ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ከለከላት። ሆኖም በ1905 ዓ.ም. የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች። ለጥቁር ሕዝብ መብት የታገለው ዊልያም ዱ ቦይስም ሃርቫርድ ሳለ የጄምስ ተማሪ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. በአዲሮንዳክ ተራሮች ላይ ሲወጣ ልቡ ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ጤና አላገኘም። ሆኖም መሥራቱን አልተወም። በአፕሪል 18 ቀን 1906 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ በአቅራቢያው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በዚያ በጭንቅ ሰዓት እንኳ በገዛ አእምሮው ውስጥና በሕዝቡ ላይ ምን እንደሚታይ አስተውሎ ጻፈ። በ1907 ዓ.ም. ከሃርቫርድ በጡረታ ተሰናበተ፤ በዚሁ ዓመት ፕራግማቲዝም የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፉን አወጣ። ኦገስት 26 ቀን 1910 ዓ.ም. በኒው ሃምሽየር በሚገኘው ቤቱ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ በኋላ ሥነ ልቡና ለብዙ ዓመታት ፊቱን አዞረ። በ1913 ዓ.ም. ጆን ዋትሰን ሳይንስ የሚመረምረው የሚታየውን ጠባይ እንጂ የማይታየውን ንቃተ ኅሊና አይደለም ብሎ ተነሣ፤ ስለ ትኩረት የሚደረገውም ጥናት በአሜሪካ ተቀዛቀዘ። ነገር ግን በ1953 ዓ.ም. ኮሊን ቼሪ የተባለ እንግሊዛዊ በሁለት ጆሮ ሁለት የተለያየ ንግግር በማሰማት፣ ሰው አንዱን ሲከታተል ከሌላው ጥቂት ብቻ እንደሚይዝ አሳየ። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ታዋቂ ሙከራ የኳስ ቅብብል እንዲቈጥሩ ከታዘዙት ተመልካቾች ግማሽ ያህሉ የጎሪላ ልብስ ለብሶ በመካከላቸው ያለፈውን ሰው ጨርሰው አላዩትም። ልብ ያላሉት ነገር በዓይን ፊት ቢያልፍም እንደማይታይ ጄምስ ያስተማረው በዚህ ተረጋገጠ። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ሳንፈልገው የሚመጣውን ትኩረት በየደቂቃው በሚጠራበት ዘመን፣ በፈቃድ የሚደረገው ትኩረት ዋጋው ከፍ እንጂ ዝቅ አላለም።

ጄምስ ነጻ ፈቃድ መኖሩን በላቦራቶሪ አላረጋገጠም፤ ሳይንስ ብቻውን ይህን ሊወስን እንደማይችልም ያምን ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር ጥያቄውን ከሰማይ አውርዶ በየሰው እጅ ማኖሩ ነው። በ1870 ዓ.ም. በሕመምና በተስፋ መቍረጥ ውስጥ ሆኖ አንድን አሳብ ለመያዝ የወሰነው ወጣት፣ ሥዕል ጀምሮ የተወ፣ ኬሚስትሪ ጀምሮ የተወ፣ ሐኪም ተብሎ ያላከመ ሰው ነበር። በሁለት ዓመት ለመጨረስ የተዋዋለውን መጽሐፍ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጋግሞ እየተመለሰበት ፈጸመው። ልቡ እንዳልሄደበት አይደለም፤ በሄደ ቍጥር መለሰው እንጂ።